ንጋት ላይ የታየኝ እውነት ነው ወይ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ጠያቂያችን የ31 ዓመት ወጣት ሲሆን በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ሁለት ሌሊት በሥራ ካደረና ቀኑንም በቂ እንቅልፍ ካላገኘ በኋላ፣ ሦስተኛውን ሌሊት ደሴ አጎቱ ቤት በተዘጋጀ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ጫት እየቃመ፣ ዚክር (የአላህን ስም ደጋግሞ ማውሳት) እና መንዙማ እያዳመጠ አነጋው። ጎህ ሲቀድ ደጅ ወጣ። «ጦሳ ተራራም፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያም፣ እኔም አንድ ሆንን። ጊዜ ቆመ። አሁን ይህን የምጽፍበት ስልክ እንኳ ያን ያህል እውነት አይመስለኝም» ይላል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ አራት ነገር እንዳወቀ ይናገራል፦ ፍጥረት ሁሉ በአንድ ፈጣሪ ውስጥ አንድ መሆኑን፤ በሞት የተለየው አባቱ በሰላም ማረፉን፤ የእህቱ የሚጥል በሽታ ከአንዲት ጎረቤት ዓይን የመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ መቆም እንዳለበት፤ እርሱም ከወንድሙ ጋር የያዘውን ሱቅ ሸጦ፣ ሥራውን ትቶ ለዒባዳ (ለአምልኮ) መቀመጥ እንዳለበት። ጤና መኮንን የሆነው ወንድሙ «የአንጎልህ ጨዋታ ነው» ይለዋል። አጎቱ «ከሽፍ (ከአላህ የሆነ መገለጥ) ነው፤ የተገለጠልህን አትጠራጠር» ይሉታል። ክርስቲያን የሆኑት አያቱ ደግሞ ጠበል እንዲጠመቅ ይመክሩታል። «ማንን ልስማ? እንዲህ ያለ ነገር የእውነት ምንጭ ሊሆን ይችላል ወይ?» ሲል ይጠይቃል።

ምላሽ፦

ወንድምዎም አጎትዎም ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም አንድ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ካወቁ እውነት ይሁን ሐሰት አብረው ያወቁ ይመስላቸዋል። ወንድምዎ «ከአንጎል ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ አጎትዎ «ከላይ ነው» ብለው ያጸድቁታል። የሐሳብ መነሻና የሐሳብ እውነትነት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ እርስዎን ያስጨነቀዎትም የእነዚህ መደባለቅ ነው።

ከወንድምዎ እንጀምር። በዚያ ንጋት አንጎልዎ ውስጥ የተለየ ነገር መካሄዱ አያጠራጥርም። ነገር ግን በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ጦሳን ሲያዩም አንጎልዎ እየሠራ ነበር፤ ወንድምዎ የመድኃኒት መጠን ሲያሰላም እንዲሁ ነው። ማየት፣ ማስላት፣ ማስታወስ ሁሉም በአንጎል በኩል ስለሚያልፉ፣ በዚያ ማለፉ ብቻ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይልንም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦናና የፍልስፍና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ይህን አካሄድ «የሕክምና ቁስ አካላዊነት» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1902 ነቅፎታል። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ያየውን «የሚጥል በሽታ ነው» ብለው የሚገላገሉ ሰዎች፣ የራሳቸው የጥርጣሬ ሐሳብም ከዚያው ከአካል የሚመነጭ መሆኑን ይረሳሉ ይላል። ወንድምዎ ማንሳት የነበረበት ጠንካራ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ የአንጎል ሁኔታ ከታየው ነገር ጋር በምን ተያይዟል? ጦሳን ያዩት ተራራው እዚያ ስላለ ነው፤ ባይኖር ኖሮ አይታይዎትም ነበር። በዚያ ንጋት ያዩት ነገርስ ባይኖር ኖሮ ላይታይዎት ይችል ነበር ወይ? ከሦስት ሌሊት እንቅልፍ ማጣትና ከጫት በኋላ የዚህ መልስ ቀላል አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የአጎትዎ ስህተት ደግሞ የእርግጠኝነትን ብርታት እንደ ማስረጃ መቁጠራቸው ነው። ጄምስ የተመስጦ ተሞክሮን በአራት ምልክቶች ገልጾታል፦ በቃል ለመናገር ያስቸግራል፤ «አወቅሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ አይቆይም፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፤ ሰውየውም ያዥ ሳይሆን ተያዥ ይሆናል። የእርስዎ አገላለጽ አራቱንም ያሟላል፤ ስለዚህ እንግዳ ነገር አልደረሰብዎትም፤ በየሃይማኖቱና በየዘመኑ የተመዘገበ ተሞክሮ ነው። ችግር ያለው ሁለተኛው ምልክት ላይ ነው። «አወቅሁ» የሚለው ስሜት ከማወቅ ተነጥሎ ብቻውን ሊመጣ ይችላል። ጄምስ ራሱ የሳቅ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ ስቦ የሆነውን እ.ኤ.አ. በ1882 ጽፏል፤ በዚያ ሰዓት የዓለም ምሥጢር የተፈታለት መስሎት የከተባቸው ዐረፍተ ነገሮች ልቡ ሲመለስ ትርጉም የለሽ ሆነው ተገኙ። ብርቅ በሆነ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ደግሞ ሕመምተኛው መናዱ (የበሽታው መነሳት) ሲጀምረው በደስታና በፍጹም እርግጠኝነት ይሞላል፤ ሐኪሞች ኢንሱላ የተባለውን የአንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ በመነካት ይህንኑ ስሜት ሊቀሰቅሱ ችለዋል። ስለዚህ «እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም» የሚለው ቃል ስለ ስሜትዎ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ታየዎት ነገር ግን ገና ምንም አልተናገረም።

ይህን ብዬ ግን ተሞክሮውን ወደ ቆሻሻ መጣያ አልወረውረውም፤ የሚወረውሩትም በቂ ምክንያት የላቸውም። በሥነ ዕውቀት ጥናት ለተመስጦ የሚቀርበው ምርጥ መከላከያ እንዲህ ይላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሪቻርድ ስዊንበርን እ.ኤ.አ. በ1979 እንደተከራከረው፣ አንድ ነገር እንዳለ ሆኖ ከታየን፣ እንድንጠራጠር የሚያስገድድ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ እንዳለ መቀበል ተገቢ ነው። ይህን መርሕ ከጣልነው ተራ እይታም አብሮ ይወድቃል፤ ዓይናችን ታማኝ መሆኑን የምናረጋግጠው መልሰን በዓይናችን፣ በእጃችንና በጆሯችን ነውና። አሜሪካዊው ዊልያም ኦልስተን እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ነጥብ ይበልጥ አጥብቆታል፦ የስሜት ሕዋሳትን ታማኝነት በራሳቸው በስሜት ሕዋሳት ሳይመኩ ማረጋገጥ አይቻልም፤ እንግዲያስ ከተመስጦ ብቻ ለይቶ «መጀመሪያ ራስህን አረጋግጥ» ማለት አድልዎ ነው። ወንድምዎ ይህን ክርክር ሊሰማው ይገባል፤ ቀላል መልስ የለውም።

ነገር ግን መርሑ ራሱ ልጓም አለው። ተሞክሮው የመጣው ለስህተት በሚዳርግ ሁኔታ ውስጥ ከሆነ፣ በተመሳሳይ መንገድ የመጡ ሌሎች አባባሎች ሐሰት ሆነው ከተገኙ፣ የተባለው ነገር በሌላ ማስረጃ ከተቃወመ፣ ወይም ነገሩ ባይኖርም ተሞክሮው ይመጣ እንደነበር ከታወቀ፣ የመቀበል መብታችን ይወድቃል። የእርስዎ አራት «ዕውቀቶች» ከዚህ ልጓም ጋር እኩል አይጋጩም፤ አንዱ በቀላሉ ያልፋል፣ አንዱ ጨርሶ አያልፍም። «የእውነት ምንጭ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ በጅምላ መጠየቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የተመስጦ ጠበቆች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሌላ ማስረጃ አለ፤ ሱፊውም (የእስልምና የተመስጦ መንገድ ተከታይ)፣ መነኩሴውም፣ የሕንድ ዮጊውም አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ የሚል። ፈላስፋው ወልተር ስቴስ እ.ኤ.አ. በ1960 ከትርጓሜ በታች አንድ የጋራ እምብርት አለ ብሎ ተከራከረ። ስቲቨን ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ተቃወመው፦ ሰው ወደ ተመስጦ ባዶውን አይገባም፤ የተማረው፣ የሰማውና የሚጠብቀው ተሞክሮውን ራሱን ይቀርጸዋል አለ። በእኔ ግምት ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። መንዙማ ሲሰማ ያደረ የወሎ ሰውና ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ ሲጸልይ ያደረ የወሎ ሰው፣ የራስ መጥፋት፣ አንድነትና ሰላም ተሰማን ቢሉ ይስማማሉ፤ ማን እንደታያቸውና ምን እንደታዘዙ ሲናገሩ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ ስምምነቱ የሚደግፈው የሚስማሙበትን ስስ ነገር ብቻ ነው። እርሱንም ቢሆን በከፊል፦ ዓይኑን በጣቱ የተጫነ ሰው ሁሉ ብርሃን ያያል፤ የሁሉም መስማማት የሚያሳየው የዓይን አሠራር አንድ መሆኑን እንጂ እውጭ ብርሃን መኖሩን አይደለም።

አካላዊ ሁኔታው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል በሙከራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 በቦስተን ተመራማሪው ወልተር ፓንኬ 20 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በስቅለት ዕለት አሰባስቦ ለግማሾቹ 30 ሚሊግራም ሲሎሲቢን የተባለ፣ ከእንጉዳይ የሚገኝና አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ሰጠ፤ ከእነዚያ መካከል አብዛኞቹ ከጥንት መናንያን ጽሑፍ የማይለይ ተሞክሮ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ36 ፈቃደኞች ላይ በዚያው ንጥረ ነገር በተደረገ ጥናትም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተሞክሮውን በሕይወታቸው ካጋጠሟቸው አምስት ትልልቅ ትርጉም ያላቸው ነገሮች ውስጥ መደቡት። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ጠባብ ነው። ፈጣሪ የለም አያሰኝም፤ ተሞክሮው ሐሰት ነውም አያሰኝም፤ መንስኤውን ከተሞክሮው ጣዕም ብቻ መለየት እንደማይቻል ግን ያሳያል። የእርስዎን ሌሊት ደግሞ እዩት። ጫት ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው፤ ምርቃና ላይ ሐሳብ ይፈጥናል፣ ነገሮች ሁሉ የተያያዙ ይመስላሉ፣ ዕቅድ ሁሉ የሚሳካ ይመስላል። ሁለትና ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብቻውን የቦታና የጊዜ ስሜትን ያዛባል። በዚህ ላይ የዚክሩ ድግግሞሽ፣ የከበሮው ምት፣ የሌሊቱ ትንፋሽ አለ። ሱፊዎች እነዚህን የሚጠቀሙት ልብን ለመክፈት ነው፤ የተከፈተ ልብ ግን የሚገባውን ሁሉ ያስገባል፤ የራሱን ስጋትና ምኞት ጭምር።

አጎትዎ በዚህ ቅር ሊሰኙ አይገባም፤ የራሳቸው ሊቃውንት ከእኔ ይልቅ ጥብቅ ናቸውና። አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 የባግዳድን ትልቅ የማስተማር ወንበር ትቶ ወደ ሱፊዎች መንገድ የገባ ሰው ነው፤ አንዳንድ ነገር በመቅመስ እንጂ በመማር እንደማይታወቅ ከእርሱ በላይ የተከራከረ የለም። ያው ሰው ግን እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው «ሦስት ከዐሥር ይበልጣል፤ ማስረጃዬም ይህን በትር እባብ ማድረጌ ነው» ቢለኝና በትሩን እባብ ሲያደርግ ባየው፣ እንዴት እንዳደረገው እደነቃለሁ እንጂ ስለ ሦስትና ዐሥር አልጠራጠርም። አስደናቂነት ማስረጃ አይሆንም ማለቱ ነው። የኡሱል አል ፊቅህ (የእስልምና ሕግ መሠረቶች) ሊቃውንትም አብዛኞቹ ኢልሃም (በልብ የሚገባ መገለጥ) በሌላ ሰው ላይ ሑጃ (ማስረጃ) አይሆንም፣ ሸሪዓዊ ፍርድም አይቆምበትም ብለዋል። በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስም ሕልምን በሦስት ይከፍለዋል፦ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጣን የሆነ ማስጨነቂያ፣ ሰው ለራሱ የሚያወራው። በሌሊት ሥራ የደከመ፣ አባቱን ያጣ፣ ስለ እህቱ የሚጨነቅ ሰው ሦስተኛውን ሊረሳ አይገባም።

አያትዎም ከበኩላቸው ወገን ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያገኛሉ። የዮሐንስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 4 መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ይላል፤ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ደግሞ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ ያስጠነቅቃል። በገዳማዊ ሥርዓትም ብርሃን አየሁ የሚል መነኩሴ ብቻውን አይፈርድም፤ ለአባቱ ይናገራል፣ ይመረመራል፣ ትሕትናውና ታዛዥነቱ ይታያል። ከሽፍን በሚያከብረው መንገድም ሆነ ራእይን በሚያከብረው መንገድ «የተገለጠልህን አትጠራጠር» የሚል ትምህርት የለም። ያ የአጎትዎ የፍቅር ቃል ነው እንጂ የሊቃውንቱ ሕግ አይደለም።

መነሻና ማረጋገጫ እንዴት እንደሚለያዩ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ የስሪኒቫሳ ራማኑጃን ታሪክ ይመስለኛል። ራማኑጃን ቀመሮቹን የቤተሰቡ አምላክ የሆነችው የናማካል ናማጊሪ እንደምትሰጠው ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1913 ካምብሪጅ ለሚገኘው ለሒሳብ ሊቁ ለጂ. ኤች. ሃርዲ በጻፈው ደብዳቤ ከመቶ በላይ የሒሳብ ውጤቶች ዘረዘረ። ሃርዲ አንዳንዶቹን ሲያይ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ መሰከረ፤ ብዙዎቹም ተረጋግጠው ዛሬ ድረስ ይሠራባቸዋል። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ራማኑጃን ከአንድ ቁጥር በታች ስንት ዋና ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) እንዳሉ እጅግ በቀረበ መልኩ የሚቆጥር ቀመር አለኝ ብሎ ነበር፤ ያ ስህተት ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ምንጩ አንድ ነው፤ ሰውየው አንድ ነው፤ እርግጠኝነቱም እኩል ነበር። እውነተኛውን ከስህተቱ የለየው ከውስጥ የሚታይ ምንም ምልክት አልነበረም፤ የለየው በወረቀት ላይ የተሠራ ማረጋገጫ ነው። ማንም ሒሳበኛ ደግሞ «ከአምላክ ነው የመጣው» ብሎ ትክክለኛዎቹን አልጣለም፤ ስህተቱንም ለዚያ ሲል አልተቀበለም። ተመስጦ የእውነት መነሻ ሊሆን ይችላል ስል እንዲህ ማለቴ ነው፤ ፍርዱ ግን የሚሰጠው አባባሉ በሚገባበት ሜዳ ላይ ነው። የሒሳብ አባባል በሒሳብ፣ የሕክምናው በሕክምና፣ በሰው ላይ የሚቀርብ ክስ በምስክርና በማስረጃ ይፈረዳል።

አሁን አራቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ ሁሉ በፈጣሪ ውስጥ አንድ ነው የሚለው፣ በሙከራ የሚያረጋግጡት ወይም የሚያፈርሱት ዓይነት አይደለም። እዚህ ተሞክሮዎ የተወሰነ ክብደት አለው፤ ለእርስዎ ለራስዎ እምነትዎን ቢያጠነክርልዎ ከምክንያት ውጭ አልሆኑም። ግን ሁለት ነገር ይለዩ፦ የሆነብዎ «ልዩነት አልታየኝም» ነው፤ የደመደሙት «ልዩነት የለም» ነው። እነዚህ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1240 ባረፈው ኢብን አረቢ ስም የሚታወቀው የህልውና አንድነት ትምህርት ሁለተኛውን ይዟል ሲባል፣ በ1624 ያረፈው የሕንዱ ሱፊ አሕመድ ሲርሂንዲ ግን አንድነቱ በማየት ላይ እንጂ በመኖር ላይ አይደለም ብሎ ተቃውሟል፤ ፀሐይ ስትወጣ ከዋክብት አይታዩም እንጂ አልጠፉም አለ። ሲርሂንዲ ራሱ የተመስጦ ሰው ነው። በተመስጦ የኖሩት በትርጓሜው ካልተስማሙ፣ አንድ ንጋት ያየ ሰው ትርጓሜውን ለጊዜው ላላ አድርጎ ቢይዘው ይሻላል። ወንድምዎን «ካላመንክ ዕውር ነህ» ማለትም አይችሉም፤ ተሞክሮው ያየውን ሰው እንጂ ያላየውን አያስገድድም። ጄምስም የደረሰበት ድምዳሜ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስለ አባትዎ ነው። ወዳጁን በሞት ያጣ ሰው የሟቹን መገኘት ወይም ሰላም መሰማቱ በየሀገሩ የታወቀ ነው፤ የዕብደት ምልክትም አይደለም። እርግጥ የሆነው እርስዎ መጽናናትዎ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድብዎትም። የአባትዎን ዕረፍት በሃይማኖትዎ ተስፋ ቀድሞም ይዘውት ነበር፤ የሚቆመውም በዚያው ላይ ነው። በዚህች ንጋት ላይ ብቻ አያቁሙት፤ ነገ ሌላ ሌሊት አስፈሪ ነገር ቢያሳይዎት ተስፋዎ አብሮ እንዳይፈርስ።

ሦስተኛው ላይ ምንም ዓይነት ማባበያ የለኝም። የሚጥል በሽታ መንስኤና የመድኃኒት ጥቅም በዓለም ላይ የሚመረመር ጉዳይ ነው፤ ተመስጦ እዚህ ላይ ከሌላ ማስረጃ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፣ ይሸነፋልም። እህትዎ ፌኖባርቢታል ወይም ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ በድንገት ማቋረጥ ራሱ ከባድና የማያቋርጥ መናድ ሊያስነሳ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። መጠኑን መቀነስም ሆነ ማቆም ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለ መናድ ካለፈ በኋላ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሆናል። ዱዓም ጠበልም ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በፈንታው ግን አይሆኑም። እግረ መንገዴን፦ ስትወድቅ ክብሪት አያሽትቷት፣ አፏ ውስጥም ምንም አያስገቡ፤ በጎኗ ያስተኟት፣ ሰዓት ይያዙ፤ መናዱ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው። ጎረቤቲቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ሌላን ሰው በደለኛ የሚያደርግ «ዕውቀት» በተመስጦ ብቻ መቼም አይጸናም። የሚከሰሰው ሰው የሚከላከልበት መንገድ የለውማ! በቡዳነት የተጠረጠረች ሴት ከዕድርም፣ ከቡናም፣ ከልጆቿ ትዳርም እንደምትገለል በወሎ የማያውቅ የለም።

አራተኛው ድብልቅ ነው። በውስጡ እውነተኛ የሆነ የራስ ዕውቀት ሊኖር ይችላል፦ የሌሊት ፈረቃው እየጎዳዎት፣ ለመንፈሳዊ ሕይወትዎ ጊዜ እንዳጡ፣ ለገንዘብ የሚሰጡት ዋጋ እንዳልተስማማዎት ተገልጦልዎ ይሆናል። ሰው ስለ ራሱ ምኞትና ስለሚያከብረው ነገር በተመስጦ ብዙ ሊረዳ ይችላል፤ የተመስጦ ጠንካራ ሜዳም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሱቁን ሽጥ» የሚለው ግን ከዚያ በኋላ የተለጠፈ መፍትሔ ነው። ሱቁ የወንድምዎም ነው፤ ያለ እርሱ ስምምነት የሚሸጥ አይደለም፤ ከሽፍ የሌላን ሰው ሐቅ አያነሳም። ፈረቃ ለማስቀየር መጠየቅ፣ በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታትን ለዒባዳ መለየት ይቻላል፤ እነዚህም ለዚያው እውነት መልስ ይሰጣሉ፣ ስህተት ሆነው ቢገኙም ሊቀለበሱ ይችላሉ።

እንዲህ ያድርጉ። የሆነውን አሁኑኑ በወረቀት ይጻፉ፤ ትዝታ እየተነገረ ሲሄድ ይዋባልና የመጀመሪያው ጽሑፍ ብቻ ነው የሚታመነው። ገጹን በሁለት ይክፈሉት፦ በአንዱ ወገን ያዩትን፣ የሰሙትንና የተሰማዎትን ብቻ፤ በሌላው ደግሞ «ይህ ማለት እንዲህ ነው» ያሉትን። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ዐምድ አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ሆኖ ያገኘዋል። ምናልባት የእህትዎም ጉዳይ የሱቁም ጉዳይ በመጀመሪያው ዐምድ ውስጥ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል፤ በብርሃኑ ውስጥ ነበሩ ወይስ ቤት ገብተው ሲተኙ መጡ? በታማኝነት ይመልሱ። ከላይ ቀኑን፣ በሦስቱ ቀናት ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ምን እንደበሉ፣ ጫቱን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደቃሙ ይመዝግቡ። ከዚያ ቢያንስ ለ40 ቀን ንብረትን፣ ትዳርን፣ ሥራን ወይም የሌላን ሰው ጤና የሚነካ ምንም ውሳኔ አይወስኑ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በየሌሊቱ ለሰባት ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል ይተኙ፤ ፈረቃ ላይ ከሆኑም ቀኑን መጋረጃ ዘግተው ያካክሱ፤ ከጫትም ይራቁ። ያ እውነት በንጹሕ አእምሮም እውነት ሆኖ ከቆየ አያመልጥዎትም፤ ከእንቅልፍ ጋር የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ባለመወሰንዎ ይጠቀማሉ። ወረቀቱን ለሁለት ሰው ያሳዩ፦ ከአጎትዎ ይልቅ በዒልም ለታወቁ፣ ከጉዳዩ ጥቅም ለሌላቸው አንድ ሼህ፣ እና ለወንድምዎ።

አንድ ነገር ግን 40 ቀን አይጠብቅም። ተሞክሮው በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እያለቀ በተመሳሳይ መልክ ደጋግሞ ቢመጣ፣ ከሆድ ወደ ላይ የሚወጣ ስሜት ወይም የሌለ ሽታ ቢቀድመው፣ ከዚያም በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሆነውን የማያስታውሱ ቢሆን፣ በቤተሰብዎ የሚጥል በሽታ ስላለ የነርቭ ምርመራ ያስፈልግዎታል። እንቅልፍ ሳያሻዎት ቀናት ካለፉ፣ ሐሳብዎ ከሮጠ፣ ገንዘብ በእጅዎ ካልቆየ፣ ወይም የሚያዝዝ ድምፅ ከሰሙ፣ ደሴ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ያነጋግሩ። ይህ ተሞክሮዎን መናቅ አይደለም፤ ስዊንበርን ያለውን ልጓም በተግባር መፈተሽ ነው።

ስለ ጎረቤቲቱ ያሰቡትን ለአንድም ሰው ተናግረው ከሆነ፣ ለእህትዎ ጭምር፣ ዛሬውኑ «ያልኩት ማስረጃ የለውም» ብለው ቃልዎን ይሳቡ። ወሬው ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ከደረሰ ግን ብቻዎን አይሂዱ፤ ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ ይዘው ቤቷ ገብተው ይቅርታ ይጠይቁ።